ልብ ሲቀየር ምን ይቀየራል? ስለ ልብ ንቅለ ተከላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ልብ ከተቀየረ ጠባይም ይቀየራል።»
በእኛ ቋንቋ ልብ ያስባል፣ ያዝናል፣ ይወዳል። «ልብ በል» እንላለን። ሐኪም የሚያውቀው ልብ ግን ደም የሚረጭ ጡንቻ ነው። ትዝታና ጠባይ ያሉት አንጎል ውስጥ ነው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ልቡ ከለጋሹ ሲወጣ ነርቮቹ ይቆረጣሉ። ልብ የራሱ የምት መነሻ ስላለው ግን ከአንጎል ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይመታል፤ ባለቤቱ ቁጭ ባለበት እንኳ በደቂቃ ከ90 እስከ 110 ጊዜ ያህል። ደረጃ ሲወጣ ደግሞ ቶሎ አይፈጥንም፤ ምቱን የሚያፈጥነው ሆርሞን በደም ተጉዞ እስኪደርሰው ይዘገያል። ነርቮቹ ስለተቆረጡም የልቡ ደም ስሮች ቢጠቡ ደረቱን ላያመው ይችላል። ስለዚህ «ምንም አላመመኝም» ብሎ ምርመራ መተው አይሆንም።

«ከባዱ ቀዶ ጥገናው ነው።»
የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ ኬፕታውን ውስጥ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1967 አደረገ። ልቡ ሠራ። ታካሚው ሉዊስ ዋሽካንስኪ ግን በ18ኛው ቀን በሳንባ ምች አረፈ። ሰውነቱ አዲሱን ልብ እንዳያጠቃ የተሰጠው መድኃኒት በሽታ የመከላከል አቅሙን አዳክሞበት ነበር። ነገሩ የተሻሻለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን የተባለው፣ ሰውነት አዲሱን ልብ እንዳያጠቃ የሚያደርግ መድኃኒት ሲመጣ ነው። ዛሬ ልብ ከተተከለላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ። ክኒኑ ግን ዕድሜ ልክ ነው።

«ልብን በበረዶ አቆይቶ በፈለጉት ቀን መትከል ይቻላል።»
በበረዶ የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው። አሁን ሞቅ ያለ ደም እያዘዋወረ ልቡን ከሰውነት ውጭ እየመታ የሚያቆይ ማሽን አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሲድኒ (አውስትራሊያ) ሐኪሞች በዚህ ማሽን መምታት አቁሞ የነበረ ልብ አስነስተው ተክለዋል።

«የአሳማ ልብ የለጋሽ ልብ እጥረትን ፈታው።»
ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የአሳማ ልብ የተተከለለት ሰው የኖረው ሁለት ወር ገደማ ነው።

«ልቡን የታመመ ሁሉ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል።»
በአገራችን ብዙ ልጆችን የሚጎዳው የልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር) ሕመም ነው። ቫልቭ ይጠገናል፣ ይቀየራልም፤ ልቡ የራሱ ሆኖ ይቀራል። መነሻው ብዙ ጊዜ በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም። ልጃችሁን ጉሮሮውን አሞት ካተኮሰው ሐኪም ይየው። ቫልቩ ለተጎዳ ልጅ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ጉዳቱ እንዳይባባስ ያግዛል። መርፌው ያማል፣ አውቃለሁ። ግን እባካችሁ አንዱንም አታስዘልሉት።