ስፒን ኦፍ ምንድን ነው? «ክላስ»ስ በማን ኃጢአት ይወቀሳል?

አንድ ተንታኝ ስለ «ክላስ» ሲናገር ሰማሁት። «ክላስ» ከእንግሊዞቹ የሳይንስ ልብወለድ ድራማ ከ«ዶክተር ሁ» ተነጥሎ የወጣ ድራማ ነው፤ ዶክተሩ ደግሞ የነባሩ ድራማ ዋና ገጸ ባሕርይ ነው። «ዶክተሩ መጀመሪያ ክፍል ላይ ብቅ ብሎ ከጠፋ ይሄ ምኑን ስፒን ኦፍ ሆነ?» አለ። አንጀቴ አረረ። ድራማው ሊወቀስ የሚገባበት ስንት ነገር እያለ፣ ሰውዬው የያዘው ደህናውን ጎኑን ነው።

እዚህ ደብረ ማርቆስ የድራማ አጻጻፍ ሳስተምር ይሄው ስህተት በየዙሩ ይመጣል። ተማሪው «ስፒን ኦፍ ጻፍኩ» ይለኛል። ስገልጠው ያው ባልና ሚስት፣ ያው ቤት፣ ያችው ነገረኛ አማት። ብቻ ልጅ ወልደዋል። የኔ ወንድም፣ ይሄ ተከታይ ምዕራፍ ነው። ስፒን ኦፍ ማለት በነባሩ ድራማ ዳር ላይ የነበረ ሰው ወይም ቦታ ተነጥሎ የራሱ ታሪክ ሲኖረው ነው። አማትየዋን ብቻዋን ቡሬ ስደድልኝ፣ ሌላ ጣጣ ውስጥ ክተትልኝ፣ ያኔ እንነጋገራለን።

የጎጃም ሰው ነገሩን ከቅኔ ቤት ያውቀዋል። ዋሸራ ተምሮ ያስመሰከረ ሰው ሌላ ደብር ሄዶ ወንበር ይዘረጋል። ጆሮ ያለው ሲሰማው «ይሄማ የዋሸራ ልጅ ነው» ይላል። ግን የመምህሩን ቅኔ ይዞ ቢቀርብ ጉድ ይፈላል። እንኳን የመምህሩን፣ ትናንት ራሱ የተቀኘውንም ዛሬ አይደግም። ታዲያ የኔታ በየጉባኤው መጥተው አጠገቡ ስላልተቀመጡ «የእሳቸው ተማሪ አይደለም» የሚል ይኖራል? ተንታኛችን ያለው ይህንኑ ነው። (ቅኔ አዋቂዎች «ተማሪ እኮ ከዋሸራ ወደ ጎንጅም ይሻገራል፣ የአንድ ቤት ልጅ ብቻ አይደለም» ብለው እንደሚያርሙኝ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው። ስፒን ኦፍም ከእናቱ ብቻ አይጠባም።)

«ክላስ»ን የፈጠረው ፓትሪክ ኔስ ነው። በፈረንጆቹ 2016 በቢቢሲ የወጣቶች ጣቢያ፣ በቢቢሲ ስሪ ወጣ። ያለው 8 ክፍል ብቻ ነው። ከ«ዶክተር ሁ» የወሰደው ሰው ሳይሆን ቦታ ነው፤ ኮል ሂል የሚባለውን የለንደን ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤቱ በ1963 በ«ዶክተር ሁ» የመጀመሪያ ክፍል ላይ ታይቷል። ማንም ባይጠይቀኝም ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። ቦታ ይዞ መውጣት ሰው ይዞ ከመውጣት በጣም ይከብዳል። «ፍሬዝየር» የተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ «ቺርስ» ከተባለው ሌላ ኮሜዲ ሲወጣ ተመልካች የለመደውን ሰው ይዞ ነው። ከቦስተን ወደ ሲያትል ወሰዱት፣ የሬዲዮ ሥራ ሰጡት፣ 11 ምዕራፍ ዘለቀ። ግድግዳ ግን ማን ይናፍቃል? ኔስ የማናውቃቸውን ልጆች ከዜሮ ማስወደድ ነበረበት።

በአንዷ ግን ልጅም ባትሆን ተሳክቶለታል። ሚስ ክዊል የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ከሌላ ዓለም የመጣች ተዋጊ ናት። የተዋጋቻቸው ሰዎች ማርከዋት ጭንቅላቷ ውስጥ ፍጥረት ከተዋል፤ መሣሪያ ከተኮሰች ይገድላታል። የምትጠብቀው ደግሞ የእነዚያኑ ሰዎች ልዑል፣ ቻርሊን ነው። እሱ «ቅጣት ነው» ይላል። እሷ «ባርነት ነው» ትላለች። ድራማው ከማን ጋር እንደምትቆም በቀላሉ አይነግርህም። ክዊልን ሆና የምትጫወተው ካትሪን ኬሊ ደግሞ ፊቷን ሳታጠቁር በምላሷ ብቻ ታቆስላለች። እዚህ ውስጥ ዶክተሩ ምን ይሠራል? ምንም።

6ኛው ክፍል ላይ አምስቱ ልጆች አንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። በእጃቸው አንድ ድንጋይ አለ፤ የያዘው ሰው ሳይወድ እውነቱን ይዘከዝካል። ጭራቅ የለም፣ ሩጫ የለም። ጓደኛ ጓደኛውን ምን ያህል እንደሚፈራው ነው የምታየው። (እንዲህ ያለ አንድ ቤት ውስጥ ብቻ የሚካሄድ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ወጪ ለመቆጠብ ነው። ለተማሪዎቼ ሁሌ የምለው ነው፤ ገንዘብ ሲያንስ ንግግር ይሻላል።)

ድክመቱስ? ጥላ የሚመስሉት ጠላቶች ይጮኻሉ እንጂ አያስፈሩም። ከሁሉ የባሰው ግን ለማን እንደተሠራ አለመታወቁ ነው። ራም የተባለው ልጅ በመጀመሪያው ክፍል ፍቅረኛው ፊቱ ትገደላለች፣ ደሟ ይረጭበታል፣ እሱም እግሩን ያጣል። ያውም የትምህርት ቤት ጭፈራ ላይ። ለታዳጊ ደሙ በዛ፣ ለአዋቂ ጭፈራው በዛ። በዚህ ላይ ደግሞ ቢቢሲ ስሪ በዚያው ዓመት ከቴሌቪዥን ወርዶ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። በ2017 እንደማይቀጥል ተነገረ፤ የመጨረሻው ክፍል ያንጠለጠለው ታሪክ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ተንታኛችን «ዶክተሩ አነሰ» ሲል እኔ በዛ እላለሁ። የመጨረሻው ክፍል ላይ ከ«ዶክተር ሁ» የታወቁት የሚያለቅሱ መላእክት ሐውልቶች ድንገት ይመጣሉ። ወንበር የዘረጋው ተማሪ ጉባኤው ሊበተን ሲል የኔታን ጠራ ማለት ነው። «ዶክተር ሁ»ን ሰምታ የማታውቅ ተማሪዬን ስምንቱንም ክፍል አሳየኋት። ስለ ክዊል አንድም ጥያቄ አልነበራትም። ሐውልቱ ጋ ስትደርስ ግን ስልኩን አቁማ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። ድራማው ለማለቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት እኔ ስለ ሌላ ድራማ ሳስረዳ ሻዩ በረደ።