ምእመን ማለት ምን ማለት ነው?

የቁልቢ ገብርኤል በዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት የእንኳን አደረሳችሁ ባነር እንዳርም ተሰጠኝ። «ለመላው ምዕመናኖች» ይላል። ፊደሉም አበዛዙም እንደተሳሳተ ስናገር፣ አጠገቤ ተራውን ይጠብቅ የነበረ አንድ ሰው «ዋናው ትርጉሙ ነው፤ ምእመን ማለት አምላክ አለ ብሎ የሚያምን ሁሉ ነው» ሲል እኔኑ አረመኝ። የፊደሉን ስሕተት መታገሥ እችላለሁ፤ ይህን ፍቺ ግን ከልክ በላይ ስለሰማሁት ማለፍ አልሆነልኝም።

ፊደሉን ባጭሩ ልጨርስ። ቃሉ «አምነ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነውና የሚጻፈው በአልፋው «እ» እንጂ በዐይኑ «ዕ» አይደለም። አማርኛ ሁለቱን በድምፅ ስለማይለይ ስሕተቱ ይገባኛል፤ ሐረር ጀጎል ውስጥ ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ግን የቃሉ ዘመድ የሆነው የዐረብኛው «ሙእሚን» (አማኝ) በሀምዛ፣ ማለትም በዐረብኛው «እ»፣ እንጂ በዐይን እንደማይጻፍ ጠንቅቆ ያውቃል። የብራና ጸሐፊዎችም ሁለቱን ፊደላት ያቀያይሩ ነበርና «በብራና አይቻለሁ» የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም። «ምእመናን» የብዙ ቁጥር ስለሆነ «ኦች» አያስፈልገውም፤ ለሴቶች «ምእመናት» ይባላል።

ወደ ፍቺው ልመለስ። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ሲባል፣ ባለ ፈረሱ ፈረሱ መኖሩን ያምን ነበር ማለት አይደለም። ፈረሱ መኖሩንማ አጥሩ ሥር ቆሞ የሚያየው መንገደኛም ያውቃል። ያመነው ኮርቻ ላይ የወጣው ነው፤ ክብደቱን በሙሉ በሌላ ጀርባ ላይ የጣለ፣ ገደሉ አፋፍ ሲደርስም ልጓሙን ያልሳበ ሰው። አማርኛችን ራሱ «መኖሩን አመነ»ን እና «እሱን አመነ»ን አይቀላቅልም፤ የመጀመሪያው ስለ አንድ ነገር እርግጠኛ መሆን ሲሆን ሁለተኛው ራስን አሳልፎ መስጠት ነው። ምእመን የሚባለው በሁለተኛው መንገድ ያመነ ነው።

ምሳሌው ግን እዚህ ላይ አያበቃም፤ ፈረሱም ጋላቢውን ማመን አለበት። በማያምነው እጅ የተያዘ ፈረስ ይደነብራል፣ ይገትራል፣ ወንዝ አልሻገርም ይላል። «አማኒ» የሚለው ቃል የሚያምነውን፣ ማለትም ጋላቢውን ብቻ ያሳያል። «ምእመን» ግን ያመነውንም የታመነውንም፣ ጋላቢውንም ፈረሱንም ባንድ ስም ይጠራል፤ በአማርኛ «አማኝ» እና «ታማኝ» ብለን ለሁለት የከፈልነውን ግእዝ ሳይከፍል ይዞታል። ምሳሌው የሚሰበረው ምሳሌያዊ አነጋገሩ ስለ ጣለ ፈረስ በመሆኑ ነው፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 1፥9 «እግዚአብሔር የታመነ ነው» የተባለው የማይጥለውን ለመናገር ነውና። በዚያ የከዚራ ሰው ፍቺ ብንሄድ ይህ ጥቅስ እግዚአብሔር አምላክ መኖሩን ያምናል ወደሚል ቀልድ ይወስደን ነበር።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቃሉ ከዚህም ይጠባል። በቅዳሴ መካከል ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያን እንዲወጡ ያውጃል፤ እነዚህ የሚማሩ፣ የሚያምኑ፣ ነገር ግን ገና ያልተጠመቁ ናቸው። የአምላክ መኖር ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልወጣ ነበር። በሰበካ ጉባኤ ደግሞ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ተብሎ ሲከፈል «ምእመን» ክህነት የሌለውን አባል ይለያል። ይህ የአስተዳደር አከፋፈል ነው፤ ካህኑ አያምንም የሚል ትርጉም እንደማይወጣው መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር፣ ነገር ግን ይህንንም ሲሉ ሰምቻለሁ።

በዚህ አካባቢ «ምእመን» እና «ሙእሚን» ጎን ለጎን ስለሚኖሩ የሙስሊሙን አነጋገርም ማየት ይጠቅማል። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 14፣ የበረሃ ሰዎች «አምነናል» ሲሉ እምነት ገና ልባቸው ውስጥ ስላልገባ «ሰልመናል» እንዲሉ ይነገራቸዋል፤ ሙስሊምና ሙእሚን እዚያ አንድ አይደሉም። በሱረቱል ሐሽር አንቀጽ 23 ደግሞ «አል-ሙእሚን» ከአላህ ስሞች አንዱ ሆኖ ይገኛል፤ የሚፈታውም ጸጥታን ሰጪ ተብሎ ነው። ከግእዙ ጋር ሥሩ አንድ ቢሆንም ፍቺው አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ የቋንቋ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ዝምድናን ወደ አንድነት ሲያደርሱት ነው። «ሃይማኖት» የሚለው ቃላችን እንኳን በሶርያ ቋንቋ በኩል ዞሮ የመጣ የዚሁ ሥር ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ከ«እምነት» ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ስለዚህ ዜና አንባቢው ስለ ሁለቱም ወገን ባንድነት መናገር ሲፈልግ «አማኞች» ቢል ይበቃዋል።

ባነሩ ላይ «ዕ»ን በ«እ» ተክቼ፣ «ኖች»ንም በ«ን» ለውጬ መለስሁት። በዓሉ ዕለት ቁልቢ መንገድ ላይ ተሰቅሎ ሳየው «እ» በቦታው አለ፤ «ኖች» ግን ተመልሷል። የማተሚያ ቤቱን ሰው ብጠይቀው ያዘዘው ደንበኛ «ያለ ኖች ሕዝቡ ጥቂት ይመስላል» ብሎ እንዳስመለሰው ነገረኝ።