ኦኪናዋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጃፓን ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ፈጣን ባቡር፣ በረዶ የለበሰ ተራራና የቶኪዮ መብራት ነው። ኦኪናዋ ሲባል ደግሞ ሌላ ምስል ይመጣል። ሰማያዊ ባህር፣ ነጭ አሸዋ፣ ዓመቱን ሙሉ በጋ። ሁለቱም ምስሎች ጉዞ ለማቀድ አያግዙም። በመጀመሪያው የተመራ ሰው የሌለ ባቡር ሲፈልግ ይውላል። በሁለተኛው የተመራ ደግሞ ጃንዋሪ ላይ የዋና ልብስ ይዞ ሄዶ በንፋስ ይገረፋል። ስለዚህ በተደጋጋሚ የሚሰሙትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው። ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ኦኪናዋ አንድ ደሴት ናት»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የሌላው ሁሉ መነሻም እሱ ነው። ኦኪናዋ የጃፓን አንድ አስተዳደር ክልል ስትሆን ከ150 በላይ ደሴቶች አሏት። ሰው የሚኖርባቸው ሃምሳ አይሞሉም። ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ባህር አለ። የክልሉ ዋና ከተማ ናሃ ዋናው ደሴት ላይ ናት። ሚያኮ ደሴት ከናሃ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ኢሺጋኪ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እንዲያውም ከናሃ ይልቅ ታይዋን ትቀርባታለች። የመጨረሻዋ ምዕራባዊ ደሴት ዮናጉኒ ከታይዋን 111 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው።

እንግዲህ «ጠዋት ናሃ፣ ከሰዓት ሚያኮ፣ ማታ ኢሺጋኪ» የሚል ዕቅድ ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚያምረው። በእነዚህ መካከል መደበኛ የመንገደኛ መርከብ የለም። የሚኬደው በአውሮፕላን ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም ከሻንጣውና ከጥበቃው ጋር ግማሽ ቀን ይበላል።

ጊዜያችሁ ከአንድ ሳምንት ካነሰ አንድ አካባቢ ምረጡና እዚያው ሁኑ። ታሪክም ባህርም የሚፈልግ ሰው ዋናውን ደሴት ይያዝ፤ ለባህሩ ከናሃው ቶማሪ ወደብ በጀልባ ወደ ኬራማ ደሴቶች ይሻገር። ቶካሺኪ በፈጣኑ ጀልባ 35 ደቂቃ፣ ዛማሚ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጫካና ትናንሽ ደሴቶች የሚወድ ኢሺጋኪ ላይ ይረፍ። ከዚያ ታኬቶሚ በጀልባ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ኢሪዮሞቴ ደግሞ ከአርባ እስከ ሃምሳ ደቂቃ ነው። አሸዋና ውሃ ብቻ የሚበቃው ሰው ሚያኮ ይሂድ። ሚያኮ ወንዝ የሚባል ነገር የላትም ማለት ይቻላል። ጭቃ ወደ ባህር ስለማይወርድ ውሃዋ እንደ መስታወት የጠራ ነው።

«ሞቃት አገር ስለሆነ ሁልጊዜ ይዋኛል»

ናሃ በጃንዋሪ በአማካይ 17 ዲግሪ አካባቢ ናት። ቁጥሩ ለአዲስ አበባ ሰው ምንም አይመስልም። ነገር ግን ከሰሜን የሚመጣው የባህር ንፋስ አይጣል ነው፤ ደመናውም ለቀናት አይገለጥም። ውሃው ከ20 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ይላል። ጠላቂዎች ወፍራም ልብስ ለብሰው ይገባሉ፣ ለሌላው ሰው ግን አይመከርም። ወቅቱ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ሊወልዱ ወደ ኬራማ ባህር ይመጣሉ። እነሱን ለማየት ጀልባ ላይ መውጣት በእኔ ግምት ከዋና አያንስም። የቼሪ አበባም የሚፈካው ያኔ ነው። ቶኪዮ በማርች መጨረሻ ስትጠብቅ ኦኪናዋ በጃንዋሪ አብቦ ይታያል፤ ቀለሙም ደመቅ ያለ ሮዝ ነው። ኤፕሪል ላይ አበባ ብሎ የሄደ ቅጠል ያያል።

የመዋኛው ወቅት የሚከፈተው በደቡቡ ደሴቶች ማርች ላይ፣ በዋናው ደሴት ማርችና ኤፕሪል ላይ ሲሆን እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል። መሃል ላይ ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው ከሜይ አጋማሽ አካባቢ እስከ ጁን ሦስተኛ ሳምንት የሚቆየው የዝናብ ወቅት ነው። ሁለተኛው ታይፉን የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ ነው፤ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ይመጣል፤ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ይበዛል። ታይፉን ሲመጣ ጀልባው ይቆማል፣ በረራው ይሰረዛል፣ ሱቅ ይዘጋል። ለተሰረዘ በረራ ገንዘባችሁ ይመለስ ይሆናል፤ ለተጨማሪው የሆቴል አዳር ግን ከፋዩ እናንተው ናችሁ። ትንሽ ደሴት ላይ ከሆናችሁ ወደ አገር ቤት ከምትበሩበት ዕለት ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ወደ ናሃ ተመለሱ።

ምርጡ ጊዜ የቱ ነው ከተባለ፣ እኔ ከጁን መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ያለውን እመርጣለሁ። ዝናቡ አልፏል። የጃፓን ተማሪዎች ገና አልተለቀቁም። ከጁላይ 20 አካባቢ በኋላ ግን ሆቴል ይወደዳል። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለው የጃፓኖች የበዓል ሳምንትም እንዲሁ ነው።

ስለ ሙቀት ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ሰው ናሃ ከቶኪዮ የባሰ የምታቃጥል ይመስለዋል። ባህሩ ስለሚያቀዘቅዛት ናሃ 35 ዲግሪ መድረሷ ብርቅ ነው። ቶኪዮ ግን ኦገስት ላይ ደጋግማ ታልፈዋለች። አደገኛው ሙቀቱ ሳይሆን የፀሐዩ ጨረር ነው። የአገሬው ሰው ራሱ እጅጌ ያለው ልብስ ለብሶ ነው የሚዋኘው። ሸፈን ብሎ መዋኘት የሚፈልግ ሰው እዚያ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

«ውሃው ከጠራና ከረጋ የትም መግባት ይቻላል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነውና።

በኢሺጋኪ በብዛት ፎቶ የሚነሳው ቦታ ካቢራ ወሽመጥ ነው። ፖስትካርዱ ሁሉ የእሱ ነው። ካቢራ ላይ ግን መዋኘት ክልክል ነው። ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ጅረት ኃይለኛ ነው፤ ጀልባውም ብዙ ነው። የሚጎበኘው ወለሉ መስታወት በሆነ ጀልባ ነው። ይህን ሳያውቅ ፎጣና የዋና ልብስ ይዞ የሚደርሰው ሰው ብዙ ነው።

ሌላው ነገር የኮራሉ፣ ማለትም ጥቃቅን የባህር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሳይ ነገር፣ አሠራር ነው። ደሴቶቹን ዙሪያውን ኮራል አጥሯቸዋል። የውቅያኖሱ ሞገድ እዚያ ላይ ይሰበራል፤ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ውሃ የተኛ ይመስላል። ነገር ግን የገባው ውሃ መውጣት አለበት። የሚወጣው ደግሞ በኮራሉ መካከል ባሉ ክፍተቶች ነው። በተለይ ባህሩ ሲሸሽ በእነዚያ በሮች የሚያልፈው ጅረት ጎበዝ ዋናተኛን ሳይቀር ይዞ ይወጣል። ጭምብልና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ አንገቱን ደፍቶ ዓሣ የሚያይ ሰው፣ ቀና ሲል ከዳርቻው ርቆ ራሱን ያገኛል። ጅረት ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ወደ ጎን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኙ። ተንሳፋፊ ጃኬት ሳትለብሱ ለዓሣ እይታ አትግቡ፤ ብቻችሁንም አትግቡ። የጃፓን የባህር ጠረፍ ጥበቃ የአደጋ ስልክ 118 ነው።

ሦስተኛው ጄሊፊሽ የሚባለው ልስልስ ተናዳፊ የባህር እንስሳ ነው። ሃቡ ጄሊፊሽ የሚባለው መርዘኛ ዓይነት በሞቃቱ ወራት ወደ ዳርቻ ይጠጋል። ሰውነቱ ውሃ ስለሚመስል አይታይም። ነፍስ አድን ሠራተኛ ያላቸው የተደራጁ ዳርቻዎች ለዚሁ ሲሉ መረብ ዘርግተው የመዋኛውን ክልል ይከልላሉ። ለተነደፈ ሰውም ኮምጣጤ ያስቀምጣሉ። ከነደፋችሁ አትሹት፤ ኮምጣጤ በብዛት አፍስሱበትና ወደ ሠራተኞቹ ሂዱ። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ መረብ ካለው ዳርቻ አትውጡ። እነዚህ ዳርቻዎች አመሻሽ ላይ ይዘጋሉ፤ «ገና ፀሐይ አለ» ብሎ መከራከር አይሠራም።

መሬት ላይ የወደቀ የሚያምር ቀንድ መሳይ ዛጎልም ስታዩ እጃችሁን ሰብስቡ። ከመካከላቸው ነድፎ ሰው የሚገድል አለ።

«ጃፓን አይደለች? ባቡር ይኖራል»

ረጅም ርቀት የሚሄድ ባቡር የለም። በ2003 የተከፈተ ሞኖሬይል፣ በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄድ የከተማ ባቡር፣ አለ፤ ናሃን አልፎ ብዙም አይርቅም። በዋናው ደሴት ሰሜን ያለው ቹራውሚ የውሃ እንስሳት ማሳያ ከናሃ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ አውቶቡስም አለ። በነገራችን ላይ ማሳያው መንገዱ የሚገባው ነው። ትልቁ ገንዳ 7,500 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ከእናንተ በላይ ሲንሳፈፍ ታያላችሁ።

መኪና ለመከራየት ስታስቡ መንጃ ፈቃዱን ቀድማችሁ አጣሩ። ጃፓን የምትቀበለው በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የተዘጋጀውን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ እዚያው ታወጣላችሁ። የጀርመን መንጃ ፈቃድ ያለው ግን ዓለም አቀፉን ሳይሆን ኦፊሴላዊ የጃፓንኛ ትርጉም ነው የሚያስፈልገው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የጃፓን ኤምባሲን ጠይቁ። የሚነዳው በግራ ነው። ኦኪናዋ በአሜሪካ ሥር በነበረችበት ጊዜ በቀኝ ይነዳ ነበር፤ ጁላይ 30 ቀን 1978 ጠዋት ሁሉም ሰው ወደ ግራ ተሻገረ። ኢሪዮሞቴ ላይ ደግሞ ቀስ በሉ። በዚያች ደሴት ብቻ የሚኖረው የዱር ድመት ቁጥሩ መቶ ገደማ ነው፤ የመኪና ግጭትም ካሉበት ዋና አደጋዎች አንዱ ነው።

«ከአዲስ አበባ የግድ በቶኪዮ መዞር ነው»

የግድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቶኪዮ የሚሄደው በሴኡል በኩል ነው። ከሴኡል ወደ ናሃ ቀጥታ በረራ አለ፤ ርቀቱም ከቶኪዮው ያነሰ ነው። ትኬቱን ለየብቻ ከገዛችሁ ግን ሻንጣ ለመቀበል ኮሪያ መግባት ሊጠይቅ ይችላል፤ የዚያን ቪዛም አጣሩ። የጃፓኑ ቪዛ ለኦኪናዋ የተለየ አይደለም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት አያስፈልገውም።

«ከባህሩ ሌላ የሚታይ የለም፤ ቤተ መንግሥቱም ተቃጥሏል»

ኦኪናዋ ከ1429 እስከ 1879 ሪዩኪዩ የሚባል የራሱ ንጉሥ ያለው መንግሥት ነበረች። ከቻይናም ከጃፓንም ከደቡብ ምሥራቅ እስያም ትነግድ ነበር። የነገሥታቱ መቀመጫ ሹሪ በኦክቶበር 2019 በእሳት መውደሙ እውነት ነው። በ1945 ጦርነትም ወድሞ ነበር። ግቢው ግን ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ቆይቷል፤ ዋናው አዳራሽ በ2026 መገባደጃ እንዲያልቅ ታቅዶ እየተሠራ ነው። ናኪጂን፣ ካትሱሬንና ናካጉሱኩ የሚባሉት የድንጋይ ምሽጎችም አሉ። ከሹሪ ጋር አብረው በ2000 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ሰውም አይበዛባቸውም።

ወደ ደቡብ፣ ኢቶማን የሚባለው አካባቢ፣ ሂዱ። በ1945 ከኤፕሪል እስከ ጁን በተካሄደው ውጊያ ከ200,000 በላይ ሰው አልቋል፤ ብዙው ሲቪል ነበር። በሰላም መታሰቢያው ላይ ጃፓናዊ፣ አሜሪካዊ፣ ኮሪያዊ ሳይባል ከ240,000 በላይ ስም በድንጋይ ተቀርጿል። እዚያው አካባቢ ያለው የሂሜዩሪ ሙዚየም ደግሞ በዋሻ ሆስፒታሎች ቁስለኛ እንዲያስታምሙ የተላኩ ሴት ተማሪዎችን ታሪክ ይናገራል። 222 ተማሪዎችና 18 መምህራን ሄዱ፤ 136ቱ ሞቱ። ለባህር ብሎ የሄደ ሰው ግማሽ ቀን ቢሰጠው የደሴቲቱ ሰዎች ስለ አሜሪካ ጦር ሰፈሮች ለምን እንደሚቆጡ ይገባዋል። ሰፈሮቹ ዛሬም የዋናውን ደሴት 15 በመቶ ያህል ይዘዋል።

«ምግቡ ዓሣና ሩዝ ስለሆነ አያሳስብም»

የእኛ ሰው በጣም የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የኦኪናዋ ማዕድ ንጉሥ አሳማ ነው። ጆሮው፣ እግሩ፣ ጎድኑ፣ ሁሉም ይበላል። ኦኪናዋ ሶባ የሚባለው የስንዴ ፓስታ መሳይ ሾርባ ላዩ ላይ ሥጋው ቢነሳም ሾርባው ራሱ በአሳማ አጥንት የተቀቀለ ነው። ጎያ ቻምፑሩ የአትክልት ጥብስ ይመስላል፤ መራራው ጎያ፣ ቶፉና እንቁላል አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም አሳማ ወይም የቆርቆሮ ሥጋ ይገባበታል። ጿሚም ብትሆኑ ተጠንቀቁ፤ አሳማ የሌለበት ሾርባም ብዙውን ጊዜ የደረቀ ዓሣ አለበት። በጃፓንኛ የተጻፈ ካርድ ይዛችሁ «አሳማ አልበላም፣ በሾርባም ውስጥ» ብላችሁ አሳዩ። የተጠበሰ ዓሣ፣ ማንጎ፣ አናናስ፣ ወይን የሚመስለው የባህር ተክል ኡሚቡዶ፣ ሐምራዊው ስኳር ድንችም እያሉ አትራቡም።

እግረ መንገዴን፣ «ኦኪናዋ የረጅም ዕድሜ አገር» የሚባለው ለአዛውንቶቹ ትውልድ እውነት ነበር። በ2020 የወንዶቹ ዕድሜ ከጃፓን 47 ክልሎች 43ኛ ነው የወጣው። የሃምበርገር ቤቶቹን ብዛት ያየ ሰው ብዙ አይገረምም።

«አሸዋና ኮራል ለማስታወሻ ቢወሰድ ምን አለበት?»

ታኬቶሚ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው አሸዋ አለ፤ የጥቃቅን የባህር ፍጥረታት ቅሪት ነው። መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩትና መልሱት። ኮራል መሰብሰብ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው። ለስጦታ ከስምንት ደሴቶች የሚመጣው ጥቁር ስኳር ይሻላል። ከሩዝ የሚወጣውን አዋሞሪ አረቄ የምትገዙ ከሆነ በእጅ ሻንጣ አትያዙት፤ የምታስረክቡት ሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሉት።