«ግድቡ ተመርቆ መብራት ለምን ይጠፋል?» ስለ ንፋስ፣ ስለ ሽያጭና ስለ «ቋቱ» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ካፌ ውስጥ መብራት እልም ባለ ቁጥር የሚሰማው ወሬ ብዙም አይለያይም። አንዱ «ሕዳሴ አልቋል ተብሎ አልነበር?» ይላል። ሌላው «ለኬንያ ሸጠውት ነው» ይላል። ሦስተኛው ዴንማርክን ይጠራና ባህር ላይ ስለተተከሉ የንፋስ ማማዎች ያወራል። ከሦስቱ አንዱም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ነገሩን የሚያበላሸው መሃል ላይ የሚዘለለው ነው።

«ኃይሉ ቋት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ይከፋፈላል»

ስህተቱ ከቃሉ ይጀምራል። በዜና «ወደ ብሔራዊ የኃይል ቋት ገባ» ሲባል ሰው የሚያስበው የዱቄት ቋት ነው፤ ዛሬ የተረፈው ለነገ የሚቀመጥበት። ቋት የተባለው ግሪዱ፣ ማለትም ማመንጫዎቹንና ተጠቃሚውን የሚያገናኘው የመስመር መረብ፣ ግን ምንም አያስቀምጥም። የሚመነጨውና የሚበላው በየሰከንዱ እኩል መሆን አለበት። የሚዛኑ ምልክት ፍሪኩዌንሲ (ጅረቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ሲሆን በእኛ አገር 50 ኸርዝ ነው። ፍጆታው ሲበልጥ የጀነሬተሮቹ ዙር ይደክምና ቁጥሩ ይወርዳል። በጣም ከወረደ መከላከያ ሪሌ የሚባሉት አውቶማቲክ መቁረጫዎች አንዳንድ መስመሮችን ቆርጠው ይጥላሉ። ያም ካልበቃ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ለማዳን አንድ በአንድ ከግሪዱ ይወጣሉ፤ አገር ሙሉ የሚጨልመው ያኔ ነው። እውነተኛ ቋት እንፈልግ ከተባለ፣ ያለው ከግድቡ ኋላ የተኛው ውሃ ነው። ይህን መያዝ ያስፈልጋል፤ ስለ ንፋስ ስናወራ እንመለስበታለን።

«ሕዳሴ ስለተመረቀ አዲስ አበባ ላይ መብራት ሊጠፋ አይገባም»

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 13 ተርባይኖች አሉት፤ ጠቅላላ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ጉባ ላይ የሚመነጨው ኃይል በ500 ኪሎቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየወረደ በከተማው ዙሪያ ወዳሉት ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይመጣል። በየመንገዱ ምሰሶ ላይ የምናየው የ15 ኪሎቮልት መስመር ተቀብሎ ለሰፈሩ ትራንስፎርመር ያደርሰዋል። ትራንስፎርመሩ ወደ 380 እና 220 ቮልት አውርዶ ቤት ያስገባዋል። አዲስ አበባ ላይ የሚያጋጥመው ችግር በአብዛኛው ከዚህ መንገድ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ነው። ጉባ ላይ ሌላ አሥር ተርባይን ቢጨመር አራት ኪሎ የተቃጠለ ፊውዝ አይቀየርም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው። 315 ኪሎቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ሳይጫንበት 90 ምጣድ ይችላል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ጊዜ ሲጋግሩ፣ በዓል ዋዜማ ላይ ደግሞ ምድጃው ሲጨመርበት፣ ቁጥሩ ቶሎ ይሞላል። ያውም ጭነቱ ከትራንስፎርመሩ በሚወጡት ሦስት የኃይል ገመዶች (ፌዝ) እኩል ከተከፋፈለ ነው፤ በየሰፈሩ ግን አንዱ ፌዝ ከሌሎቹ ይልቅ ተጭኖ ይገኛል። ቮልቴጁ ሲወርድ ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቴጁ በፈጠነ መጠን ይቀንሳል። 220ው ወደ 180 ከወረደ የምጣዱ ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። እንጀራው ዓይን አላወጣም ተብሎ ጤፉ የሚወቀሰው በዚህ ጊዜ ነው።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ዙሪያን ማየት ይጠቅማል።

የጠፋው የአንድ ቤት ብቻ ከሆነ ችግሩ ያለው ብሬከሩ፣ የካርድ ቆጣሪው ሒሳብ ወይም ከምሰሶ ወደ ቤት የሚገባው ገመድ ላይ ነው። ጎረቤት አለው፣ ማዶ ያለው ግን የለውም ከተባለ፣ ትራንስፎርመሩ ላይ የአንዱ ፌዝ ፊውዝ ሄዷል ማለት ነው። የመንገድ መብራቱም፣ ቀጣዩ ሰፈርም ከጨለመ የ15 ኪሎቮልቱ መስመር ወድቋል። በኤሌክትሪክ አገልግሎቱ የጥሪ ቁጥር በ905 ሲደወል ይህን ለይቶ መናገር የጥገና ቡድኑ ምን ይዞ እንደሚመጣ ይወስናል።

አንድ ምልክት ግን ደውሎ እስኪመጡ መጠበቅ አያስፈልገውም። አንዱ ክፍል ያለው አምፖል ከወትሮው አብዝቶ ሲያበራ ሌላው ከደከመ ኒውትራሉ፣ ማለትም የጅረቱ መመለሻ ገመድ፣ ተበጥሷል ማለት ነው። በዚያች ደቂቃ 220ው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ዋናውን ብሬከር ወዲያው መጣል ነው፤ ስታቢላይዘር አለኝ ብሎ መተማመን አያዋጣም።

በኮሪደር ልማቱ መስመሩ መሬት ውስጥ ስለተቀበረ ችግሩ አበቃ የሚሉም አሉ። የተቀበረ ኬብል ከንፋስ፣ ከዛፍና ከመኪና ግጭት ይድናል። ጠላቶቹ ግን ሌሎች ናቸው፤ ለውሃ ቧንቧ የሚቆፍር ኤክስካቫተር፣ በደንብ ያልታሸገ መጋጠሚያ፣ በክረምት ወደ መጋጠሚያው የሚሰርግ ውሃ። የአየር ላይ መስመር ሲበጠስ በዓይን ይታያል። የተቀበረው ሲበላሽ ግን ቦታውን በመሣሪያ መፈለግ፣ ንጣፉን አንስቶ መቆፈር፣ መጋጠሚያውን እንደገና መሥራት ይጠይቃል። ብልሽቱ ይቀንሳል፤ የተበላሸ ቀን ግን ጥገናው ይረዝማል።

«ለጎረቤት ስለምንሸጥ ነው የምንጨልመው»

ከወላይታ ሶዶ ናይሮቢ አቅራቢያ እስካለችው ሱስዋ የሚሄደው መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 500 ኪሎቮልት ሲሆን እስከ 2,000 ሜጋዋት ማስተላለፍ ይችላል። ሽያጩ በኅዳር 2015 ሲጀመር ውሉ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋዋት የሚል ነበር። 200 ሜጋዋት የሕዳሴ የአንድ ትልቅ ተርባይን ግማሽ ነው። ይህ ኃይል ቢቀር ሜክሲኮ አካባቢ ያለው የተጨናነቀ ትራንስፎርመር አንዲት ምጣድ እንኳ ተጨማሪ አይችልም፤ የሚያንሰው ሰፈር የሚያደርሰው ዕቃ ነው። ሽያጩ የሚያስገባው ዶላር ደግሞ ትራንስፎርመርና ኬብል የሚገዛበት ገንዘብ ነው።

ይህ ማለት ግን ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። በግንቦት 2011 የጊቤ 3 ውሃ ሲቀንስ አዲስ አበባም ሳይቀር ፈረቃ ገብታ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት የውጭ ውል ካለ አንድ ሜጋዋት ለሁለት ሰው ሊሰጥ አይችልም፤ የኬንያም የእኛም ከፍተኛ ፍጆታ ምሽት ላይ ነው። ተገቢው ጥያቄ ውሉ በድርቅ ዓመት ምን ይላል የሚለው ነው።

እዚሁ ላይ ሌላ ቅሬታ ይነሳል፤ መስመሩ በላያቸው እያለፈ ጨለማ ውስጥ ያሉ ቀበሌዎች አሉ ይባላል። ምክንያቱ መስመሩ የሚሸከመው ቀጥተኛ ጅረት በመሆኑ ነው። ሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት ግዙፍ መቀየሪያ ጣቢያዎች ናቸው ወደ ተለመደው ተለዋጭ ጅረት የሚመልሱት። መሃል መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ጣቢያ ለአንድ ቀበሌ መገንባት አይታሰብም። ቀበሌው መብራት ማግኘት ያለበት ከተለመደው መስመር ወይም ከሶላር ነው።

የቀጠናው ትስስር በሽያጭ ብቻ አያልቅም። በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ሐሳቡን ለመረዳት ሰሜን አውሮፓን ማየት ይበቃል። ዴንማርክ ንፋስ ሲበዛባት ለኖርዌይና ለስዊድን ትሸጣለች፤ ንፋሱ ሲቆም የእነሱን የግድብ ኃይል ትገዛለች። «በንፋስ ብቻ ትኖራለች» የሚለው ወሬ የሚዘለው ይህን ነው። በእኛ ቀጠና የኖርዌይን ቦታ የምትይዘው ኢትዮጵያ ናት። ኬንያ ደግሞ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ 365 ተርባይኖች፣ በድምሩ 310 ሜጋዋት ተክላለች። ስሙ ቢያሳስትም አንዱም ሐይቁ ውስጥ አይደለም፤ ሁሉም የብስ ላይ ናቸው። ተርባይኖቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ቆመው ሳለ ወደ ሱስዋ የሚወስደው መስመር የደረሰው በ2018 ነው። እስከዚያ ላልተወሰደ ኃይል ካሳ ተከፈለ። የንፋስ ፕሮጀክት ሲወራ ከተርባይኑ በፊት ስለ መስመሩ መጠየቅ የሚገባው ለዚህ ነው።

«ባህር የለንም እንጂ… ጣናስ ምን አለበት?»

በባህር ላይ የተተከለው የመጀመሪያው የንፋስ እርሻ እ.ኤ.አ. በ1991 ዴንማርክ ቪንደቢ ላይ የቆመው ነው። 11 ተርባይኖች ነበሩት፤ እያንዳንዳቸው 450 ኪሎዋት። የእኛው አዳማ 1 የንፋስ እርሻ ላይ ካሉት 34 ተርባይኖች አራቱ ብቻ ከዚያ ሁሉ ይበልጣሉ። ዛሬ ግን ባህር ላይ የሚተከለው አንዱ ተርባይን 15 ሜጋዋት ይደርሳል፤ የአዳማዎቹን አሥር ማለት ነው። ክንፉ ከ100 ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ያለ ክንፍ በመርከብ ይሄዳል እንጂ ከጅቡቲ አስፋልት ኩርባ ጋር አይስማማም። አውሮፓውያን ወደ ባህር የገቡት ንፋሱ ጠንካራና ያልተቆራረጠ ስለሆነ፣ መሬታቸውም ስለጠበበ ነው። ዋጋው ግን ከየብስ ይበልጣል፤ የባህር ወለል ላይ የሚመታው የብረት ምሰሶ፣ የውሃ ውስጥ ኬብልና ለጥገና የሚከራየው መርከብ ሁሉም ገንዘብ ነው። ምሰሶው እስከ 60 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይሠራል። ከዚያ በላይ ተርባይኑ ተንሳፋፊ መሆን አለበት፤ ስኮትላንድ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመረው አምስት ተርባይን ያለው የ30 ሜጋዋት የንፋስ እርሻ የዚህ ዓይነት ነው።

ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ መሠረቱ ባላስቸገረ። መትከያውን መርከብ ግን በዓባይ ሸለቆ ሽቅብ ማን ይጎትተዋል? ንፋስ ያለባቸው አዳማ፣ አሸጎዳ፣ አሰላና አይሻ የብስ ሆነው ሳለ ውሃ ውስጥ መግባት ያለ ምክንያት ወጪ ነው። በክረምት የሶማሊያን ጠረፍ ታክኮ የሚሄደው የሞንሱን ንፋስ በዓለም ጠንካራ ከሚባሉት ነው፤ ለቀጠናው አንድ ቀን ሀብት ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን የሚነፍሰው ግድቦቻችን በሚሞሉበት ወቅት ነው፤ ያኔ ብዙም አይናፍቀንም።

«ከፍታ ላይ ስለሆንን ንፋሳችን ይበልጣል፤ ጣሪያ ላይም ይሠራል»

የንፋስ ጉልበት በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል፤ በሰከንድ ከ6 ወደ 8 ሜትር ሲጨምር ጉልበቱ ከእጥፍ ይበልጣል። ግን በአየሩ ክብደትም ይወሰናል። በባህር ጠለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን አዲስ አበባ ላይ 0.92 አካባቢ ነው። ያው ፍጥነት ያለው ንፋስ እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱ ይጎድላል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሕንፃው ንፋሱን ይሰብረዋል፣ ያዞረዋል። ክንፎቹ 2 ሜትር የሚሸፍኑ ትንሽ ተርባይን በሰከንድ 4 ሜትር ንፋስ 30 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ሦስት የኤልኢዲ አምፖል። 2 ካሬ ሜትር የሶላር ፓነል በቀትር ፀሐይ 400 ዋት ገደማ ይሰጣል። ለጣሪያ ሶላር ይሻላል፤ ክርክር የለውም።

«አዳማ ያሉት እንኳ በቀስታ ነው የሚዞሩት፤ ግማሾቹ ቆመዋል»

ቀስታው የዓይን ማታለል ነው። ክንፎቹ የሚሠሩት ክብ ከጫፍ እስከ ጫፍ 77 ሜትር ሆኖ በደቂቃ 17 ጊዜ ሲዞር የክንፉ ጫፉ በሰዓት ወደ 250 ኪሎ ሜትር ይበራል። የቆመ ተርባይንም ሁልጊዜ የተበላሸ አይደለም። ንፋሱ በሰከንድ ከ3 ሜትር በታች ከሆነ አይነሳም፤ 25 ሜትር ሲያልፍ ራሱን ያቆማል። ለጥገናም፣ መስመሩ ሲቋረጥም ይቆማል።

«ንፋስ አይታመንም፤ ውሃ ግን የተባለውን ያህል ይሰጣል»

አንድ ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ ከሚሰጠው ውስጥ ምን ያህሉን በእርግጥ እንደሚሰጥ ሲሰላ፣ ጥሩ የየብስ ንፋስ ሲሶውን ያህል ያወጣል። የሕዳሴ ግድብስ? የታሰበው ዓመታዊ ምርት 15,700 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው። 5,150 ሜጋዋት ያለማቋረጥ ቢሠራ 45,000 ይደርስ ነበር። እሱም ሲሶ አካባቢ ነው! ልዩነቱ ውሃው የሚለቀቅበትን ሰዓት ሰው ሲመርጥ ንፋሱን አለመምረጡ ነው።

ስለዚህ ሁለቱ ተቀናቃኝ አይደሉም። አዳማ ላይ ንፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው፤ ወንዞች በሚቀንሱበት ጊዜ። 153 ሜጋዋት ያለው አዳማ 2 ለአንድ ሰዓት 50 ሜጋዋት ብቻ ቢሰጥ 50,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሕዳሴ ከፍታ፣ ማለትም ውሃው 130 ሜትር ገደማ ሲወርድ፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያስፈልጋል። በዚያች ሰዓት 150,000 ሜትር ኩብ ውሃ ሳይለቀቅ ለምሽቱ ይቆያል። ቋቱ ይሄ ነው።

«ሁሉም መብራት ኃይል ነው»

አሁንም አፋችን ላይ ያለው ስም ነው፤ ድርጅቱ ግን በ2006 ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመር ያስተላልፋል፣ ለጎረቤት ይሸጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ከማከፋፈያው ተቀብሎ ቤት ያደርሳል፤ ቆጣሪው፣ ካርዱና የሰፈሩ ትራንስፎርመር የእሱ ናቸው። ስለ ንፋስ እርሻም ሆነ ስለ ኬንያ ውል ለ905 ማመልከት መልስ አያስገኝም፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ ትራንስፎርመር ግን ትክክለኛ አድራሻው እዚያ ነው። ሲደወል የምሰሶውን ወይም የትራንስፎርመሩን ቁጥር ማንበብ ከ«ከካፌው ጀርባ» ይሻላል።