የኮሚክ ሐውልቶችና የዳግም ሽያጭ ዋጋቸው

የኮሚክ ሐውልት በኮሚክ መጻሕፍት ውስጥ የምናውቃቸውን ጀግኖችና ባላንጣዎቻቸውን ቀርጾና ቀለም ቀብቶ ለመደርደሪያ የሚያበቃ ሥራ ነው። እጅና እግሩ ከሚተጣጠፍ መጫወቻ የሚለየው በአንድ አቋም ጸንቶ በመቆሙ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ፖሊስቶን ከሚባለው፣ የድንጋይ ዱቄት ከተቀላቀለበት ሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ነው፤ ሲያነሡት የሚከብደው፣ ሲወድቅም እንደ ሸክላ የሚሰበረው ለዚህ ነው። ከአንድ ቅርጽ የሚወጣው ብዛት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይወሰንና ከመቆሚያው ሥር ቁጥሩ ይጻፋል። ይህ ቁጥር ግን ብቻውን ዋጋ አስከብሮ አያውቅም።

ከ1990ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፊት የነበረው በአብዛኛው የልጆች ዕቃ ነው። አይዲያል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1940 ገደማ መገጣጠሚያ ያለው የእንጨት ሱፐርማን አውጥቷል፤ ማርክስ የተባለው ኩባንያ ደግሞ በ1967 የኮሚክ አሳታሚውን የማርቭልን ጀግኖች በፕላስቲክ ሠርቷል። እነዚህ ዛሬ የሚሸጡት በአሮጌ መጫወቻነታቸው ነው።

ለአዋቂ ሰብሳቢ ታስቦ የሚሠራው ሐውልት መልክ የያዘው በአሜሪካዊው ቀራፂ በራንዲ ቦወን እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግራፊቲ ዲዛይንስ የተባለው ኩባንያ ያወጣውን፣ ሳንድማን የተባለውን የኮሚክ ገጸ ባሕርይ ሐውልት የቀረጸው እሱ ሲሆን፣ የዘርፉ በኵር ይህ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። በኵርነቱ ሊያከራክር ይችል ይሆናል፤ ያን ያህል ተከታይ ያፈራ ቀራፂ ግን የለም። ኋላም በራሱ ስም ባቋቋመው ቦወን ዲዛይንስ አማካይነት ከማርቭል ፈቃድ አግኝቶ፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ እስከ 2010ሮቹ አጋማሽ ድረስ ትናንሽ የደረት ምስሎችንና ሙሉ ቁመት ያላቸውን ሐውልቶች ሲያወጣ ቆይቷል።

የቦወን ትልቁ ውለታ በታዋቂዎቹ ብቻ አለመወሰኑ ነው። ስፓይደርማንና ዎልቨሪን መቼም ገዢ አያጡም። እሱ ግን ከኮሚክ አንባቢ በቀር ማንም የማያውቃቸውን ገጸ ባሕርያት ሳይቀር በተቀራራቢ መጠን ሠራቸው፤ በዚህም ሰብሳቢው የአቬንጀርስን ወይም የኤክስ ሜንን ቡድን በአንድ መደርደሪያ ላይ አሟልቶ ማቆም ቻለ። በዋጋ ላይ ያመጣው ለውጥ የሚገርም ነው። ስሙ ብዙም ያልተሰማ ገጸ ባሕርይ ሲወጣ ሱቆች የሚያዙት ጥቂት ስለነበር የሚመረተውም ጥቂት ነበር። ከዓመታት በኋላ ቡድኑን ሊያሟላ አንድ ብቻ የቀረው ሰው ያንኑ የተናቀ ሐውልት ፍለጋ ይወጣል፤ የተጠየቀውንም ይከፍላል። ከስፓይደርማን በላይ የሚሸጥ የማይታወቅ ወንጀለኛ የሚገኘው እንዲህ ነው። የማርቭል ፈቃድ ሲያበቃ ደግሞ እነዚያ ሐውልቶች በቦወን ስም ተመልሰው የሚመረቱበት መንገድ ተዘጋ።

የባትማን አሳታሚ በሆነው በዲሲ በኩል የሆነው ከዚህ ይለያል። በ1998 የተመሠረተው ዲሲ ዳይሬክት በተለያዩ ሠዓሊዎች እጅ የተሳለውን ባትማን በጥቁርና ነጭ ብቻ እየቀረጸ ያወጣው ተከታታይ ሥራ በጣም ተወዳጅ ሆነ፤ የመጀመሪያዎቹም ውድ ነበሩ። ሆኖም አንዳንዶቹ በሁለተኛ እትም ተመልሰው ወጡ። ሐውልቱን መውደድ እንጂ የእትሙን ቁጥር መያዝ ግድ የማይለው ገዢ አዲሱን በፋብሪካ ዋጋ ስለሚያገኝ፣ የፊተኛውን በውድ የያዘ ሰው ተጎዳ።

ካሊፎርኒያ ያለው ሳይድሾው፣ የጃፓኑ ፕራይም ዋን ስቱዲዮና የሲንጋፖሩ ኤክስኤም ስቱዲዮስ ገበያውን ወደ ትልልቅ ሐውልቶች ወስደውታል። በእነዚህ ዘንድ ዋጋ የሚጥለው ያው ሐውልት ዳግም መታተሙ ሳይሆን፣ ያው ገጸ ባሕርይ በበለጠ ጥበብ ተሠርቶ መምጣቱ ነው።

ከሰሪው ማንነት ቀጥሎ የሚታየው ይዞታ ነው። ልምድ ያለው ገዢ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስለ ካርቶኑ ነው፦ ባለሥዕሉ ሣጥን፣ ውጪውን የሚሸፍነው ቡኒ ካርቶን፣ በሐውልቱ ልክ የተቦረቦረው ፎም። ፎሙ ከጠፋ ሐውልቱን በደኅና መላክ ስለሚያዳግት ዋጋው ወዲያው ይቀንሳል። ከዚያ ቀጫጭኖቹ ቦታዎች ይታያሉ፦ ጣቶች፣ የካባ ጫፍ፣ የሰይፍ ስለት። ተሰብሮ የተጣበቀ ክፍል ባትሪ በጎን ሲበራበት የሙጫው መስመር ከቀለሙ ተለይቶ ያብለጨልጫል። ፀሐይ ያገኘው ነጭ ቀለም ይወይባል፤ ሙቀት ባለበት መጋዘን የከረመ ደግሞ ፎሙ ከቀለሙ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ተለዋጭ ጭንቅላት ካለው፣ አንዱ ቢጎድል ጎዶሎ ዕቃ ተብሎ ነው የሚሸጠው።

በፈረንሳይ በ1980ዎቹ በአሌክሲስ ፖሊያኮፍ የተመሠረተው ፒክሲ የተባለው ኩባንያ በእጅ የተቀቡ ትናንሽ የብረት ምስሎችን አውጥቷል። የእንግሊዙ ኢግልሞስ በበኩሉ ከ2005 ጀምሮ የማርቭልን ገጸ ባሕርያት እርሳስ ከሚባለው ብረት እያሠራ ከመጽሔት ጋር ይሸጥ ነበር፤ ተከታታዩ 200 እትም ደርሷል፣ ኩባንያው በ2022 ከስሯል። እንዲህ ባለ ተከታታይ ደንበኛ እየተመናመነ ስለሚሄድ፣ ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ የመጨረሻዎቹ እትሞች ብርቅ ናቸው።

አዲስ ፊልም ሲታወጅ ዋጋ ይነቃቃል፤ ፊልሙ ከታየ በኋላ መቀዝቀዙ የተለመደ ነው። ከዋናው ላይ ቅርጽ ተወስዶ የሚሠራ ፎርጅድም አለ፤ ዝርዝሩ ደብዘዝ፣ መጠኑም ጥቂት አነስ ይላል።

በኢንተርኔት ላይ ሻጭ የሚጠራው ዋጋ እና በእርግጥ የተሸጠበት ዋጋ ብዙ ጊዜ ይራራቃሉ፤ መታየት ያለበት ሁለተኛው ነው። በ400 ዶላር የተገዛ ሐውልት ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ 500 ዶላር ቢያወጣ፣ ከመቶ 13 ገደማ ለገበያው ሲከፈል ለሻጩ 435 ያህል ይቀረዋል። የመላኪያው ወጪ በሻጩ ላይ ከሆነና ካርቶኑ 15 ኪሎ ከመዘነ፣ ከግዢው ዋጋ በላይ ከቀረችው 35 ዶላር ላይ የሚተርፍ ላይኖር ይችላል።