ከድንኳን እስከ ፉካ፦ የሟች መታሰቢያ በአዲስ አበባ ዳርቻ

መሀል አዲስ አበባ ሐውልት የሚቆመው ለንጉሥ፣ ለአርበኛና ለሰማዕት ነው። ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ፋሽስት ጣሊያን ለጨፈጨፋቸው ሰዎች ነው፤ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ሙዚየም የቀይ ሽብር ሰለባዎች ነው። ወደ ዳር፣ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ ወጣ ሲሉ ግን ሟች የሚታወሰው በጎረቤት ነው። ሥራው የአልቃሽ፣ የፎቶ ቤትና የመቃብር ድንጋይ ሠሪ ነው። ማንም አርቲስት ብሎ አይጠራቸውም እንጂ ጥበብ መሆኑን አይቶ ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ድንኳን ይተከላል። የሚተክለው እድር ነው፤ በየወሩ ከሚዋጣ ገንዘብ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን ገዝቶ ያስቀምጣል። ኮንዶሚኒየም ሰፈር ውስጥ ድንኳኑ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሁለት ብሎኮች መሀል፣ መኪና በሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ለሦስት ቀን ያህል ያ ቦታ የሰፈሩ ሳሎን ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከአራት ኪሎ ወይም ከልደታ ተነስቶ ዳር የገባ ሰው የድሮ እድሩን ቶሎ አይለቅም። ለአዲሱም ለአሮጌውም ይከፍላል። ሲሞት ታዲያ የድሮ ሰፈሩ ሰው በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣል፣ አዲሱ ጎረቤትም ሰውዬው ማን እንደነበር በደንብ የሚያውቀው ያኔ ነው።

ሙሾ ከሁሉም ይቀድማል። ሙሾ የምታወርደው ሴት የሟቹን ሙያ፣ ደግነት፣ ያላየውን የልጁን ሠርግ በሁለት በሁለት ስንኝ እየገጠመች ታወጣለች፤ ሌላው ይቀበላታል። ሟችን ማሞገስ ብቻም አይደለም። በሰምና ወርቅ ያልጠየቀ ዘመድ ይወቀሳል፣ ያስታመመች ጎረቤት ትመሰገናለች። ሰባኪዎች ተስፋ እንደሌለው ሰው አትዘኑ እያሉ ሙሾውን ይከለክላሉ፣ ከተማው ውስጥም እየቀነሰ ነው። በእኔ ግምት ቦታውን የወሰደው የሕይወት ታሪክ ንባብ ነው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ ይጀምርና በልጅና በልጅ ልጅ ቁጥር ያበቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሙሾ ግን ሰውዬውን ለይቶ ያውቀዋል።

ከዚያ ፎቶው አለ። ድሮ በገጠር ለቅሶ ሜዳ ላይ የሟቹ ፈረስ ወይም በቅሎ ተጭኖ ይዞር ነበር፣ ጠመንጃውና ልብሱም ይታይ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ የሚሠራው በፍሬም የገባ ትልቅ ፎቶ ነው። ብዙ ሰው፣ በተለይ ድሃ ሽማግሌ፣ ከመታወቂያው ፎቶ ሌላ የለውም። ፎቶ ቤቱ ያቺን ቁራጭ ያሳድጋታል፣ የማህተሙን ምልክት ያጠፋል፣ አንዳንዴ ዕድሜውን ሙሉ ሱፍ ለብሶ የማያውቅ ሰውዬ ላይ ሱፍና ከረባት ይገጥምለታል። የሚስቅ አለ፤ ቤተሰቡ ግን አይስቅም። ያው ፎቶ ከለቅሶው በኋላ ሳሎን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ቲሸርት ላይ ይታተማል፣ በመጨረሻም መቃብሩ ላይ ይወጣል።

በኦርቶዶክሱ ዘንድ መታሰቢያው በቀን ይቆጠራል፦ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ትልቁ ተዝካር በአርባ ይወጣል። የሐውልት ምረቃም አብዛኛውን ጊዜ በአርባው ወይም በሙት ዓመቱ ነው። ድንጋዩ እብነ በረድ ወይም ግራናይት ይሆናል፤ አቅም ለሌለው ሲሚንቶ ነው። ስም፣ የልደትና የዕረፍት ቀን፣ ፎቶ፣ ከታችም የልጅ ወይም የልጅ ልጅ ግጥም ይጻፍበታል። ፕሮቴስታንቱ ተዝካር የለውም፤ ሐውልቱን ግን አይተወውም። ሙስሊሙ ሟቹን ቶሎ ይቀብራል፣ መቃብር ላይ መገንባት በሃይማኖቱ አይወደድም፣ መታሰቢያውም ዱዓና ሰደቃ ነው። ድንኳኑ ግን በብዙ ሰፈር የጋራ ነው።

ድንጋይ ቀርጾ ሟችን ማሰብ ለአገሩ አዲስ አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ጢያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ጎራዴና ሌላ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ሥራቸው የመቃብር ምልክትነት ነበር። ኮንሶ ጀግናውን በእንጨት ይቀርጻል፣ አርሲ የመቃብር ድንጋዩን በቀለም ይስላል።

ከተማው ላይ ግን መሬት ጠበበ። አንዳንድ ደብሮች ፉካ ሠሩ፣ ማለትም ግድግዳ ውስጥ እንደ መደርደሪያ የተደራረበ መቃብር። ፉካ የዘላለም አይደለም፤ የተወሰነ ዓመት ሲሞላ ቤተሰብ ተጠርቶ አፅሙን ያነሳል። እዬዬም ሲደላ ነው የሚባለው ያኔ ትዝ ይላል። ግጥሙ የተጻፈበት ድንጋይ ወደ ቤት ተመልሶ ሲመጣ ያየሁት ቤት አለ፤ በረንዳ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ አበባ ማሰሮ ተደርጎበት።

አስከሬን ሲጠፋ ደግሞ ፎቶው ብቻውን ይቀራል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ፣ ከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር፣ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከሥሩ የነበሩ ቤቶችን ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እናቶች ቆፋሪው ማሽን ሥር አስከሬን እየጠበቁ አለቀሱ። ሁለት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጋቢት 1 ቀን 2011፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ቱሉ ፈራ ላይ ወደቀ፣ የ35 አገር ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች ሞቱ። ለቤተሰቦች የተሰጣቸው ከቦታው የተዛቀ አፈር ነበር። ከሳምንት በኋላ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል 17 ሣጥን ተሰለፈ፤ አስከሬን አልነበረበትም። ዘመድ ፎቶ አቅፎ ነው ያለቀሰው። ቱሉ ፈራም የአካባቢው ገበሬዎች ጉድጓዱ አጠገብ ተሰብስበው በወጋቸው አለቀሱ። ከሟቾቹ አንዱንም አያውቁም ነበር።