በትናንሽ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች ላይ «ቋሚ ቮልቴጅ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በርካሽ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች ማሸጊያ ላይ የሚነበበው «ቋሚ ቮልቴጅ» የሚለው አነጋገር፣ ባትሪው ራሱ የማይለዋወጥ ስለሚያስመስል ብዙ ሰው ያሳስታል። አንዷ የሊቲየም ባትሪ ሙሉ ስትሆን 4.2 ቮልት፣ ልታልቅ ስትቃረብ ደግሞ 3.4 ቮልት ገደማ ትሰጣለች። ኃይል የሚሰላው ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለማሞቂያው ሽቦ ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መጠን) በማካፈል ስለሆነ፣ ሽቦው 1 ኦም ቢሆን ኃይሉ ከ17.6 ዋት ወደ 11.6 ዋት ይወርዳል፤ ቮልቱ አንድ አምስተኛውን ብቻ ሲቀንስ ዋቱ ሲሶውን ያጣል ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ከጣሪያ ሮቶ ውኃ የሚቀዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ሮቶው ሲሞላ ቧንቧው ይንፎለፎላል፣ ሲጎድል ይደክማል። የመሣሪያው መቆጣጠሪያ ቧንቧውን በፍጥነት እየደጋገመ እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ሰው ነው፦ ባትሪው ሙሉ ሲሆን የመዝጊያውን ጊዜ ያረዝማል፣ ሲደክም ያሳጥረዋል፣ ሽቦውም መቆራረጡ ሳይታወቀው ሁልጊዜ የ3.4 ቮልት ያህል ይሞቃል። «ቋሚ» የተባለው ይኸው ብቻ ነው። (በአገራችን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የዕቃውን ሽያጭ መከልከሉ ሳይዘነጋ።)

ይህ ዘዴ ግን የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም። ባትሪው ከ3.4 ቮልት በታች ከወረደ፣ ቧንቧን መክፈትና መዝጋት ባዶ ሮቶን እንደማይሞላ ሁሉ፣ መሣሪያው ይደክማል ወይም ይጠፋል፤ ቮልት የሚያሳድገው ተጨማሪ ክፍል ዋጋ ስለሚያስወጣ በርካሾቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።